ፈጣኑ ወጌሻ

በአንድ የእግር ኳስ ክለብ ውስጥ ሙያውን ተምራና ተፈትና ፈቃድ ያገኘች፣ አንደበቷ ማንንም የማይፈራ ወጌሻ ነበረች። የክለቡ ፕሬዚዳንት አቶ ሽብሩ ሥራ ፈት የሆነውን የእህታቸውን ልጅ ዋና ወጌሻ ሊያደርጉት ፈለጉና በቦርዱ ፊት አስጠሯት።

«ብቃቱን መስክሪለት። እምቢ ካልሽ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ!» አሏት።

«የት ነው የተማረው፣ ክቡር ፕሬዚዳንት?»

«ትምህርት ምን ያደርግለታል! ልጁ ሯጭ ነው። ተጫዋች ሲወድቅ ከማንም ቀድሞ ይደርሳል።»

ወጌሻዋ እንጀራዋ አሳሰባት። ከዚያ ቀና ብላ «እንግዲያውስ እመሰክራለሁ» ስትል አቶ ሽብሩ ደስ ብሏቸው ወደ ቦርዱ ዞሩ።

«ሩጫው በእርግጥ ያስፈልገዋል» አለች፤ «ግን ተጫዋቹ ጋ ለመድረስ አይደለም። አክሞት ሲጨርስ ከደጋፊው ለማምለጥ ነው።»