ጥጃ ጠሪው ዌን

ጠጋ በሉ፣ ተረቱ ከሩቅ አገር የመጣ ነው።

በድሮ ዘመን፣ በቻይና አገር፣ ዌን የሚባል ገበሬ ነበር። አንዲት ላም፣ አንዲት ጥጃና አንዲት ጅግራ ነበሩት። በመንደሩ ቁማር ቤት ደግሞ አምስት እንጨቶች ነበሩ። በጥቁሩ ፊታቸው ጥጃ፣ በነጩ ፊታቸው ጅግራ ተስሎባቸዋል። አምስቱም በጥቁር ከወደቁ ጣዩ ያሸንፋል፤ ቁማርተኞቹም ሲጥሉ «ጥጃ!»፣ «ጅግራ!» እያሉ ይጣራሉ።

እንጨቶቹ ዌንን ባዩት ቁጥር፣ «ጌታው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጣለን!» ይሉታል።

ዌን ጅግራዋን አስይዞ ጣለ። «ጥጃ! ጥጃ!» ብሎ ጮኸ። አራቱ ጠቆሩ፣ አንዱ ነጣ። ጅግራዋ ሄደች።

«ለጥቂት ነው የሳትከን!» አሉት።

በማግስቱ ጥጃዋን አስይዞ ጣለ። «ጥጃ! ጥጃ!» እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። አሁንም አራቱ ጠቆሩ፣ አንዱ ነጣ። አብሮት ይቆምር የነበረው ሃን የሚባል ባለጸጋ ጥጃዋን እየጎተተ ወሰዳት። መንደርተኛው ሳቀ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ቁማር የለከፈውን ሰው «ጥጃ ጠሪ፣ ጅግራ ጠሪ» ይሉት ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ዌን የላሚቱን ገመድ ሊፈታ በረት ገባ።

«ወዴት ነው?» አለችው።

«ልጅሽን ላስመልስልሽ።»

«በምን?»

«አንቺን አስይዤ።»

ላሚቱ አንገቷን ቀና አደረገች። «ስማ ዌን! እናቴ አንተን በወተቷ አሳደገች፤ እኔ ልጆችህን አሳደግሁ። ከዘራችን ለቁማር የተሰጠ አልነበረም። ልጄ የመጀመሪያዋ ናት፤ የመጨረሻዋም እሷው ትሁን። በጉሮሮህ አጣሃት፤ በክንድህ አምጣት!»

ዌን አፈረ። ገመዱን ለቀቀና ሃን ዘንድ ሄደ።

«ክረምቱን ሙሉ ማሳህን ልቆፍርልህ፤ ጥጃዋን መልስልኝ» አለው።

«እሺ፤ ግን አንተ ሦስት ቀን አትቆይም» አለ ሃን እየሳቀ።

ቆየ። ዝናብ መታው፣ ቆፈረ። መዳፉ ተላጠ፣ ቆፈረ። በቁማር ቤቱ ደጅ ሲያልፍ እንጨቶቹ «አንድ ጊዜ ብቻ!» ብለው ተጣሩ። ልቡ ስፍስፍ አለ፤ እግሩ ግን አልቆመም።

ክረምቱ ሲወጣ ሃን ራሱ ጥጃዋን ስቦ አመጣለት። «ለካ ሰው ነህ!» አለው።

ዌን ጥጃዋን ይዞ፣ ደረቱን ነፍቶ በመንደሩ መሀል አለፈ። ማንም አልሳቀም። በረት ሲደርሱ ላሚቱ ልጇን ላሰች፤ ቀጥላም የዌንን የተላጠ መዳፍ ላሰች። በዚያ ቀን ንጉሥ እንኳ እንደ ዌን አልኮራም።

እናንተም ልብ በሉ፦ ዕጣ የወሰደውን ላብ ይመልሰዋል።