የመንገድ ጠራጊዋ ቤት

አቶ ዳምጠው የሚባሉ የማዘጋጃ ቤት ሥራ አስኪያጅ በመሥሪያ ቤታቸው በር ላይ አንድ ሰሌዳ አሰቅለው ነበር። «ያለ ምንም የሥራ ላይ አደጋ ይህን ያህል ቀን ሠርተናል» ይላል፤ ቁጥሩን በየጠዋቱ ራሳቸው በጠመኔ ይቀይሩታል። ሠራተኛ እጁ ሲሰበር «ከሚስቱ ተጣልቶ ነው»፣ ሲፈነከት «ድሮም እንዲህ ነበር» እያሉ ሦስት መቶ ስድሳ አራት አደረሱት። በማግስቱ ዓመት ሲሞላ ከዞን እንግዶች መጥተው ዋንጫ ሊሸልሟቸው ነው።

በዋዜማው አንዲት መንገድ ጠራጊ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ገበያው በር ላይ ቆፍሮ ክዳን ሳያደርግለት በተወው ጉድጓድ ገብታ እግሯ ተሰበረ። አቶ ዳምጠው የእግሯ ጀሶ ገና ሳይደርቅ አስጠሯትና ወረቀት ዘረጉላት።

«‹የወደቅሁት ቤቴ ውስጥ ነው› ይላል። ፈርሚ። እምቢ ካልሽ ከነገ ጀምሮ ሥራ የለሽም።»

ሴትዮዋ ወረቀቱን አነበበች፤ ሳታንገራግርም ፈረመች። የአቶ ዳምጠው ፊት በራ። እሷ ግን ከወንበሯ አልተነሳችም።

«ደግሞ ምን ቀረሽ?» አሏት።

«ካርታዬ ነዋ፣ ጌታዬ! የቤት ቦታ ይሰጠኝ ብዬ እዚህ ቢሮ አሥራ አራት ዓመት ተመላልሻለሁ። የወደቅሁት ጉድጓዱ ውስጥ እንደሆነ ገበያተኛው ሁሉ አይቷል፤ እርስዎ ደግሞ ቤቴ ነው ብለው አስፈርመውኛል። እንግዲህ ነገ እንግዶቹ ባሉበት ካርታውን ይስጡኝ። ክዳኑን ግን ዛሬውኑ ያስገጥሙልኝ፤ ጣሪያ የሌለው ቤት አልረከብም።»