ቁጭ በይ፣ እማዬ

ተረት ተረት፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ።

አንዲት ዝንጀሮ አሮጊት እናቷን አብዝታ ትወድ ነበር። እናትየው ሥር ልትቆፍር ወይም ገደል ልትወጣ ስትነሳ፣ «ጎረቤት ምን ይለኛል? ቁጭ በይ፣ እማዬ» እያለች የበቆሎ እሸት ከማሳ ሰርቃ ታበላታለች። «እግሬን ላፍታታው፣ ልጄ» ብትላትም አልሰማቻትም። ልጅ የሌላትን የእናቷን እኩያ ገደል ለገደል ስትንጠላጠል ባየች ቁጥር፣ «ምስኪን፣ የሚጦራት የለ» ትላለች።

አንድ ረፋድ ነብር መጣ። መንጋው ሁሉ፣ ያቺ ምስኪን አሮጊት ጭምር፣ ገደሉ አናት ላይ ወጣ። ልጅ እናቷን ከፊት ብትጎትት፣ ከኋላ ብትገፋ፣ እናት መነሳት አቃታት።

«ተይኝ ልጄ፣ አንቺ እንኳ ትረፊ» አለች እናት።

ነብሩ ሳይቸኩል ተጠጋና፣ «አንቺን አልነካሽም፣ የኔ ልጅ፤ እሷን ስታደልቢልኝ ከርመሻል» አላት።