አጥሩን በክንዱ የለካው አናጢ

ቤት ፍለጋ የሚዞር ሰው ሲያዩ አንዳንድ አዛውንቶች ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። ላይ ላዩን ለሰማት ስለ አጥር የምታወራ ትመስላለች። መጀመሪያ የተነገረችው ግን በሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ፣ አንድ አባት አጠገብ ነው። ያ አባት ዛሬም አባባሏ ስትነገር ከሰማ አንገቱን ይደፋል።

ሰውዬው ጓንጉል ይባላል፤ አናጢ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ዕቃ ከሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ሥራ ሲያገኝ፣ ሚስቱን አልጋነሽን፣ የስድስት ዓመት ልጁን ምንታምርንና ገና ዳዴ የሚለውን ይታገሱን ይዞ ከጎጃም ተነሣ። ስለ ከተማው የሰማው ወሬ ሁሉ ልጅ ስለሚሰርቅ ሌባና ልጅ ስለሚገጭ መኪና ነበር። ስለዚህ ገና አውቶብስ ላይ ሳሉ፣ «ለልጆቼ አጥር ያለው ቤት ይገኝልኝ እንጂ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው» ይል ነበር።

ደላላው መጀመሪያ የወሰዳቸው ቆርቆሮ ቤቶች ተጠጋግተው ወደቆሙበት ሰፈር ነው። መንገዱን ልጆች ሞልተውታል፤ አንዱ ቤት በርበሬ ሲወቀጥ ሌላው ቤት ያስነጥሳል። የግቢው ባለቤት እትዬ የሻረግ ወጉ ሳያልቅ የልጆቹን ስም ጠየቁ። ይታገሱንም ከእናቱ ጀርባ አውርደው አቀፉት።

«ትልቋ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ይኼ እኔ ጋ ይውላል። እዚህ ሰው ሞልቷል ልጄ፣ ምን ያስቸግራችኋል?» አሉ።

የአልጋነሽ ፊት በራ። ጓንጉል ግን ዓይኑ አጥር ፍለጋ ሄደ። ያገኘው የተነቃቀለ ቆርቆሮ ነው፤ የጎረቤት ዶሮ በቀዳዳው ትገባለች፣ ትወጣለች።

«ገና ሳንከራይ ስማችንን የጠየቀች ሴትዮ፣ ስንከርም የድስታችንን ክዳን መክፈቷ አይቀርም» አለ በሚስቱ ጆሮ።

«ብትከፍትስ? ጨው ካነሰው ትጨምርልኛለች።»

እሱ አልሳቀም። ደላላው የሰውየውን ልብ አነበበና፣ «ጸጥ ያለ ሰፈር አለኝ» ብሎ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዳቸው። ጸጥ ማለቱስ እውነት ነው፤ መንገዱ ላይ ዝር የሚል ሰው አልነበረም። ቤቱ ባለቤቶቹ ውጭ አገር ሄደው የዘጉት ቪላ ጓሮ ያለ ሰርቪስ ክፍል ነው። ግንቡ ከፍ ያለ፣ ጫፉ ላይ የጠርሙስ ስባሪ የተተከለበት ነው። አናጢ መቼም ያየውን ሳይለካ አያልፍም፤ ጓንጉል ግንቡን በክንዱ ለካው፤ ጫፉ አልደረስ ሲለው ፈገግ አለ።

አገር ቤት ሳለ ቤቱን ያጠረው በእሾህ ነበር። ያ አጥር ጅብ ይከለክላል፤ ጎረቤት ግን መሹለኪያውን ያውቀዋል። የከተማውም ግንብ ያንኑ ሥራ የሚሠራ መሰለው፤ እንዲያውም በቁመቱ የሚበልጥ። የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አልጋነሽ ግራ ቀኙን አየችና፣ «እዚህ ኡኡ ብል ማን ይደርስልኛል?» አለችው።

«ኡኡ የሚያሰኝ ነገር እንዳይመጣ አይደል እንዴ አጥር የምንፈልገው?»

ገቡ። እንኳን ደህና መጣችሁ ያላቸው የለም። አልጋነሽ ነገሩ ቢከብዳት ራሷ ዳቦ ጋግራ ፊት ለፊት ያለውን በር አንኳኳች። ዘበኛው ዳቦውን ተቀበላት፤ በሩን ዘጋ። ሳህኗ ባዶዋንም እንኳ ሳትመለስ ቀረች።

አንድ እሑድ አልጋነሽ ይታገሱን አዝላ ገበያ ሄደች። ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል። ጓንጉል የምንታምርን ገላ ሊያጥብ በጀሪካን የቀረችውን ውሃ አሟጦ ጣደ፤ ሳሙና ላምጣ ብሎ ዞር አለ። ልጅቷ አባቷን ላግዝ ብላ ድስቱን ሳበች። የፈላው ውሃ ቀኝ እጇ ላይ ተገለበጠ።

ቧንቧውን ቢከፍተው አየር ብቻ ተነፈሰ። ጀሪካኑን ቢያነሣው ባዶ ነው። ልጁን አቅፎ መንገድ ላይ ወጣና፣ «ኡኡ! የሰው ያለህ!» አለ። አገር ቤት ቢሆን ወንዱ ዱላውን፣ ሴቷ ነጠላዋን ይዛ እየሮጡ በመጡ ነበር። እዚህ ግን አንድም በር አልተከፈተም። ከፊት ለፊቱ ግንብ በላይ ትልቅ የውሃ ሮቶ ይታያል፤ ሄዶ በሩን ደበደበ።

«ጌቶች የሉም፤ ለማንም እንዳልከፍት ታዝዣለሁ» አለ ዘበኛው በቀዳዳ።

«አንድ ጣሳ ውሃ ብቻ! ልጄ ተቃጠለችብኝ!»

«እንጀራዬ ነው ወንድሜ፣ አትፍረድብኝ» አለና ቀዳዳውን ዘጋው።

ጓንጉል ልጁን እንደታቀፈ መሐል መንገድ ቆሞ አለቀሰ፤ ከዚያ እስከ አስፋልቱ ሮጠ። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ እጇን አገላብጦ አየና፣ «ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ቢፈስበት ኖሮ እንዲህ ባልከፋ። ትድናለች፤ ጣቶቿ እንደ ድሮው መታጠፋቸውን ግን እንጃ» አለው። በመጪው መስከረም እርሳስ የምትይዝባቸው ጣቶች ናቸው።

በማግስቱ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተኮራምቶ ሳለ፣ እትዬ የሻረግ ሦስት የሰፈር ሴቶች አስከትለው፣ ምግብ ቋጥረው ከች አሉ። አልጋነሽ ያኔ ቤቱን ያዩ ዕለት ስልካቸውን ይዛ ኖሮ ደውላላቸው ነው። ቤታቸውን ንቆ የሄደው ሰው አፍሮ ከመቀመጫው ሊነሣ ሲል ትከሻውን ይዘው አስቀመጡት።

«ምንታምርዬስ? እንዴት አደረች?» አሉ።

ስሟን አልረሱትም። ጓንጉል ሆስፒታል ከገባ ወዲህ አምቆት የቆየው ዕንባ ያን ጊዜ ገነፈለ።

«እኔ ነኝ እትዬ፣ እኔው ነኝ ልጄን የጎዳኋት! ለእነሱ ብዬ ነበር እኮ። ኡኡ ብዬ ነበር፤ ትናንት ብቻዬን መሐል መንገድ ቆሜ አለቀስኩ፤ ሰው አልወጣም።»

ከሴቶቹ አንዷ ጆሮዋን አላመነችም። «ኡኡ ተብሎ የማይወጣበት ሰፈር አለ እንዴ?»

እትዬ የሻረግ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና፣ እሱን ላለማየት ፊታቸውን ወደ ሴትዮዋ አዙረው፣ «ምን ይደረግ ብለሽ ነው ልጄ፤ አጥር አይቶ የገባ፣ ብቻውን አነባ» አሉ።