ሁሉንም «ቀኝ» ያለው ሶፍትዌር

አንድ የዓይን ክሊኒክ ነበር። ታሪኩን የሰማሁት ከሁለት ዓመት በፊት ስለሆነ አንዳንዱን ዝርዝር ተሳስቼ ላስታውስ እችላለሁ፤ ዋናውን ነገር ግን የሳትኩት አይመስለኝም።

ክሊኒኩ ለጤና መድን ድርጅት ሒሳብ የሚልክበት ሶፍትዌር ነበረው። በሶፍትዌሩ ውስጥ እያንዳንዱ በሽታ የራሱ ኮድ አለው። አንድ ቀን ድርጅቱ ኮዶቹ እንደሚቀየሩ አስታወቀ። በድሮው ኮድ «የዓይን ሞራ» ማለት ይበቃ ነበር፤ አዲሱ ግን የቀኝ ወይም የግራ ዓይን ብሎ ይለያል። ከሰኞ ጀምሮ በድሮው ኮድ የሚመጣ ማንኛውም ነገር ተቀባይነት የለውም ተባለ።

የድሮዎቹን ኮዶች የመቀየሩ ሥራ ለሱራፌል ተሰጠ። ሱራፌል ጠንቃቃ የሚባል ባለሙያ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሁለት መቶ አሥራ አራት የሞራ በሽተኞች ቀሩት። የትኛው ዓይናቸው እንደታመመ የተጻፈው በወረቀት ካርዳቸው ላይ ብቻ ነበር። ሶፍትዌሩ ደግሞ ጎኑ ካልተሞላ በቀይ መስመር ይመልሳል፤ ሁሉም ሲሞላ ብቻ ሰሌዳው አረንጓዴ ይሆናል።

የካርድ ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ውድነሽ አጠገቡ ቆማ ታያለች።

«ካርዶቹን ላውጣልህና አንድ በአንድ እናንብ» አለችው።

«ሁለት መቶ ካርድ? እስከ ፋሲካ ልናነብ ነው?»

«እንግዲያው የማታውቀውን ባዶ ተወው።»

«ባዶ አይቀበልም፣ እትዬ ውድነሽ። ቀይ ያወጣል።»

«ያውጣ! ቀይ ሲያወጣ ጠይቁ ማለቱ አይደለም እንዴ?»

በዚህ መሀል የክሊኒኩ ባለቤት የሆኑት ዶክተር በበሩ ብቅ አሉ። «ሱራፌል፣ አረንጓዴ ሆነ?» አሉ። ሱራፌል የሁሉንም ጎን «ቀኝ» ብሎ ሞላው። ሰሌዳው አረንጓዴ ሆነ። «ሆኗል፣ ዶክተር» አለ። በሚቀጥለው ሳምንት አስተካክለዋለሁ ብሎ አስቦ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የቀዶ ሕክምናው ዝርዝር እንደ ወትሮው ከዚያው ሶፍትዌር ታተመ። የመጀመሪያው ተራ የሰዓት ሠሪው የአቶ ቢረሳው ነበር። ግራ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ እንጀራቸውን የሚበሉት በቀኙ ነው። ቀድሞ ዝርዝሩ ጎን ስለማይጽፍ ነርሷ በሽተኛውን ራሱን ትጠይቅ ነበር። ያን ቀን ግን ወረቀቱ መልሶላታል። የሚታከመው ዓይን እንዲለይ ከቀኝ ቅንድባቸው በላይ ፕላስተር ለጠፈች።

«ሲስተር፣ ግራው ነው የሚመስለኝ» አሏት።

«አባባ፣ ወረቀቱ ቀኝ ይላል። አይፍሩ፤ ነገ የእኔን ሰዓት ይሠሩልኛል።»

«ተጽፎ ከሆነማ እናንተ ታውቃላችሁ» አሉ። ማኅተም ካለበት ወረቀት ጋር ተከራክረው አያውቁም።

ሱራፌል የአዲሶቹን ኮዶች የመጀመሪያ ቀን ሊከታተል በኮሪደሩ ሲያልፍ ሽማግሌው የእጅ ሰዓታቸውን ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠግተው ሲያነቡ አየ። ፕላስተሩን አየ። ቆመ።

«አባባ፣ በየትኛው ዓይንዎ ነው የሚያዩት?»

«በዚሁ በቀኙ ነዋ። ግራውማ ጨልሟል።»

ነርሷ ግን ስማቸውን ጠርታ ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው። የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ሊዘጋ ሲል ሱራፌል እግሩን መሀል ከተተ።

«አቁሙ! ቀኝ ያልኩት እኔ ነኝ። አላውቅም ነበር!»

ዶክተሩ መርፌውን አስቀመጡ። «አላውቅም ብትለኝ ዓርብ ዕለት እቆጣህ ነበር፤ ከዚያ አያልፍም ነበር» አሉት።

ያን ቀን ቀዶ ሕክምናው ተቋረጠ። ወይዘሮ ውድነሽ ካርዶቹን አወጣች፤ ሱራፌልም ጎኖቹን ሁሉ አጥፍቶ እንደገና ባዶ አደረጋቸው። አንብበው እስኪጨርሱ ሁለት ቀን ተኩል ፈጀ። አቶ ቢረሳው ሐሙስ ዕለት ግራ ዓይናቸውን ታከሙ።

ትምህርቱ ይህ ነው፦ ባዶ ቦታ ሰውን ያስጠይቃል፤ በግምት የተሞላ ቦታ ግን ጠያቂውን ዝም ያሰኛል። አለማወቃችንን ስንደብቅ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሰው እውነቱን የሚያውቀውን ሰው እንኳ እንዳይሰማ እናደርገዋለን። እርስዎስ ሰሌዳው አረንጓዴ እንዲሆን ብቻ የሞሉት ነገር አለ?

ይህን ከመጻፌ በፊት ወይዘሮ ውድነሽን ፈልጌ ጠየቅኳት። ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ መካከል ዘጠና ስድስቱ የታመሙት ግራ ዓይናቸውን ነበር።