ከሰደፉ ስር ያለችው ከረጢት

አንዲት ሴት ነበረች፤ ስፖርቷ የዒላማ ተኩስ ነው።

ኧረ አትደንግጡ! ጠመንጃ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምን ሊያደርግ መጣ እንዳትሉኝ። የምትተኩሰው ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይቆማል፤ በባዶ ዓይን ብታዩት ከፖስታ ቴምብር አይበልጥም። እሷ በደረቷ ትተኛለች፣ ትተነፍሳለች፣ ቃታ ትስባለች። በቃ ይኸው ነው። ሽታዬ እንበላት።

እስቲ ልጠይቃችሁ። እንዲህ ያለች ተኳሽ ብታዩ ዓይናችሁ የት ይሄዳል? አፈሙዙ ላይ አይደል? ሁላችንም እንደዚያው ነን። ጥይቱ የሚወጣው በዚያ ነዋ! ሽታዬን ብትጠይቋት ግን ሌላ ነው የምትነግራችሁ። ጠመንጃው ከፊት በሁለት እግሮቹ ይቆማል። ከኋላ፣ ትከሻ ላይ ከሚያርፈው ሰደፍ ስር፣ አንዲት ትንሽ ከረጢት ትቀመጣለች። ትራስ በሏት። ማንም አያያትም፤ ፎቶ ሲነሱም ክንድ ይሸፍናታል። ያቺ ከረጢት እዚህ የፀጉር ያህል ዝቅ ካለች ግን፣ እዚያ ማዶ ጥይቱ በወረቀቱ አናት ላይ ያልፋል።

ስለዚህ ተኳሽ ከረጢቱን ይመርጣል። ቁመቷ ለእኔ ይሆናል? ትጸናለች ወይስ ትሟሽሻለች? ጠመንጃው ተተኩሶ ወደ ኋላ ሲመታ ቦታዋን ትለቃለች ወይስ ባለችበት ትቆያለች? ጫማ እንደ መምረጥ ነው፤ የሌላ ሰው ለእናንተ አይሆንም።

ሽታዬ ግን አልመረጠችም። ተሰጣት።

የሰጧት አሰልጣኟ ሻምበል ዳምጤ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ፣ ዘለግ ያሉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ ሰው። ጠመንጃ እንዴት እንደሚያዝ ከሀ ጀምሮ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ቡድኑ ውስጥ የገባች ዕለት ሁሉንም ሰብስበው የራሳቸውን ከረጢት አመጡ። በለስላሳ ቆዳ የተሰፋች፣ ዳሯ በቀይ ክር የተጠለፈች፣ ውስጧ ዳጉሳ የተሞላች። ሜዳሊያቸውን ሁሉ ያገኙት በእሷ ነው። "እንግዲህ ልጄ፣ ባንቺ እጅ ትክበር" ብለው ሰጧት። ሰው አጨበጨበ። ሽታዬም ጉልበታቸውን ስማ ተቀበለች።

ከረጢቷ ግን አልሆነቻትም። የሻምበል ቁመት ሌላ፣ የእሷ ቁመት ሌላ። ዳጉሳውም ስንት ዓመት ሲታሽ ኖሮ ዱቄት ሆኗል፤ ሰደፉ ሲያርፍበት ይሰምጣል። ሰደፉ ሲሰምጥ ደግሞ አፈሙዙ ወደ ላይ ይነሳል። ምን ታድርግ? በግራ እጇ ከረጢቷን ትጨብጣታለች። ስትጨበጥ ከረጢቷ ታብጣለች፣ ሰደፉ ከፍ ይላል፣ በጠመንጃው መነጽር ውስጥ የሚታዩት ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ወርደው ወረቀቱ ላይ ይመጣሉ። ከረጢቱ ጥሩ ከሆነ ለስለስ ያለ ጭብጥ ይበቃል። እሷ ግን እርጥብ ልብስ እንደሚጨምቅ ሰው ነበር የምትጨብጣት። እጇ ሲዝል ጥይቱ ከላይ ይሄዳል፤ እልህ ይዟት ስታጠብቅ ደግሞ ከታች።

ዓመቱን ሙሉ ስትስት ከረመች። ጥይት ቀየረች። መነጽሩን አስፈትሻ አስገጠመች። ነፋሱን ረገመች። "ቁርስ በልቼ በደረቴ ስለምተኛ ነው" ብላ ቁርስ ተወች፤ ከመራቧ በቀር የተለወጠ ነገር የለም። አንድ ቀን የቡድን ጓደኛዋ ትርሲት፣ "አንቺ፣ ያቺ ከረጢት አትሆንሽም እኮ፤ ለምን አትቀይሪያትም?" አለቻት።

"አንቺ ደግሞ! ሻምበል ምን ይሉኛል? ሰው ፊት የሰጡኝን ሰው ፊት ልጣለው?"

አያችሁ? ሁሉን ቀየረች፤ ከረጢቷን ብቻ አልቀየረችም። ይሉኝታ ያዛት። ይሉኝታ ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ስንቱ በእሱ እንደተያዘ ራሳችሁ ታውቃላችሁ።

የማጣሪያው ቀን ደረሰ። ቡድኑ ለውድድር ናይሮቢ ሊሄድ ነው፤ ያልተመረጠ ከቡድኑ ይሰናበታል። ለሽታዬ ዛሬ ካልሆነ፣ ጠመንጃዋን አስረክባ ወደ ድሮው የቢሮ ሥራዋ መመለስ ነው። ነገ የሚባል የላትም።

የመጀመሪያው ዙር ተተኮሰ። የእሷ ጥይቶች እንደለመዱት አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። ሻምበል ከኋላዋ ቆመው በራሳቸው መነጽር ያያሉ፤ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ሽታዬ ዝምታቸው ከበዳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እንባ ደግሞ ለተኳሽ ከነፋስም የባሰ ጠላት ነው።

ሁለተኛው ዙር ሊጀመር ሲል፣ "ተኩስ አቁም! እጅ ከመሣሪያ!" የሚል ጩኸት ተሰማ። ምን ተፈጠረ? እንጨት የጫኑ አህዮች ከዒላማው ጀርባ ባለው ኮረብታ እያለፉ ነው። ለባለቤቶቻቸው ቢጮህ አይሰሙም፤ አህዮቹማ ጭራሽ! እስኪያልፉ መጠበቅ ነው። ተኳሹ ሁሉ ጥይቱን አወጣ፣ እጁን አነሳ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ አህዮቹን እያየ መሳቅ ጀመረ።

ሽታዬም ጥይቷን አውጥታ እጇን አነሳች። አንገቷን ግን ቀና አላደረገችም፤ ሰው እንባዋን እንዳያይ ዓይኗን እዚያው መነጽሩ ላይ ተወችው። እና ምን አየች? መስመሮቹ ከወረቀቱ ላይ ተነሱ። ማንም ሳይነካቸው ቀስ እያሉ ወደ ላይ ወጡ፤ ኮረብታውን አለፉ፤ ሰማዩ ላይ ቆሙ።

እጇን ስታነሳ ጠመንጃዋ የሚያየው ሰማዩን ኖሯል! ዓመቱን ሙሉ መስመሮቹን ወረቀቱ ላይ ይዛ የቆየችው በጭብጧ ብርታት ብቻ ነበር። እንዲሸከማት የተቀመጠውን ነገር፣ ለካ እሷ ናት ስትሸከመው የከረመችው። "ወይኔ!" አለች በሹክሹክታ። "ወይኔ ጉዴ!"

አሁንስ ምን ትሁን? ደንቡ ተኳሽ ከተኛበት ቦታ እንዲነሳ አይፈቅድም። የቡድኑ ትርፍ ከረጢቶች ከኋላ መደርደሪያ ላይ ናቸው። ሊያቀብላት የሚችለው አሰልጣኟ ብቻ ነው። ማን? እሳቸው! በግራ በቀኝ ሰው ተኝቷል፣ ዳኞች ቆመዋል፣ አህዮቹም እያለፉ ነው። ምን ብላ ትናገር? "ስጦታዎ አልረባኝም" ትበል? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እውነቱን ተናገሩ! አብዛኞቻችን ማንንም ሳናስቀይም፣ ጨዋ እንደሆንን፣ ተሸንፈን ቢሮ እንገባ ነበር።

"ሻምበል" አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

"አቤት ልጄ።"

"እባክዎ ከመደርደሪያው ላይ ሌላ ከረጢት ያቀብሉኝ። ይቺ… ይቺ አልሆነችኝም።"

የሻምበል ጫማ ጠጠሩን እየረገጠ ሲርቅ ሽታዬ ሰማች። አንድ ትልቅ የሸራ ከረጢት ይዘው ተመለሱ። ከሰደፉ ስር አስገባችው፣ እጇን አነሳች፣ አየች። ረዘመ። አሁን መስመሮቹ ከወረቀቱ በታች አፈር ላይ ወደቁ።

"በቃ ይሁን፣ እችለዋለሁ" ልትል ምንም አልቀራት። ሽማግሌ ሰው አንዴ ማስቸገሯ አይበቃም? ግን ደፈረች። "ሻምበል፣ ይሄም አልሆነም። አጠር የሚል ካለ…"

እንደገና ሄዱ። አሁን ያመጡት አሸዋ የታጨቀበት፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ጥጉ የተጣፈ ነው። አንዴ በቡጢ ደልደል አደረገችው፣ ሰደፉን አሳረፈችበት፣ እጇን አነሳች። መስመሮቹ ወረቀቱ መሃል ላይ ቆሙ። ሳትነካቸው ቆሙ! እንባዋ አሁን ገና ወረደ።

አህዮቹ አለፉ፣ ተኩስ ተፈቀደ፣ ጥይቶቿ ተቀራርበው መሃል መሃሉን ገቡ። አለፈች ወይ ትሉኛላችሁ? የተመረጡት ስም ሲጠራ የመጨረሻው ስም የእሷ ነበር። ትርሲት እልልታውን አቀለጠችው።

ሽታዬ ግን ደስታዋ አልሞላላትም። የቆዳዋን ከረጢት በሁለት እጇ ይዛ ወደ ሻምበል ሄደች።

"ይቅር ይበሉኝ፤ ሰው ፊት አሳፈርኩዎ። እስከዛሬ ዝም ያልኩት እንዳይከፋዎት ብዬ ነው።"

"እኔማ የወደድሻት መስሎኝ" አሉ ሻምበል። "ቀይሪያት ብልሽ ቅር እንዳይልሽ ፈርቼ ዝም አልኩ።"

ሁለቱም ተያይተው ሳቁ። ወዲያው ግን የሻምበል ፊት ከበድ አለ።

"ልጄ፣ የሰጠሁሽ እንድትደግፍሽ ነው። አንቺ እንድትደግፊልኝ አልነበረም። ደግሞ እንዳይከፋዎት ትያለሽ? የከፋኝስ ዓመቱን ሙሉ ስትስቺ ቆሜ ማየቱ ነው።"

እንግዲህ ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እናንተስ የተደገፋችሁት ምንድን ነው? ቆይ፣ ቶሎ አትመልሱልኝ። "እግዚአብሔርን" ልትሉ ነው፤ አፋችን ለምዶታል። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። እጃችሁን ስታነሱ ሕይወታችሁ የት ላይ ይቆማል? መጨበጥ ስታቆሙ፣ ስትታመሙ፣ ማንም በማያያችሁ ሰዓት፣ ወዴት ትሄዳላችሁ?

አንተ ወንድሜ፣ የአባትህን ስም ተደግፈሃል። "የእገሌ ልጅ" ሲሉህ ደረትህ ይነፋል። ግን ያ ስም አንተን ይዞሃል ወይስ አንተ ነህ እንዳይወድቅ ይዘኸው የምትኖረው? ልጆችህን ሳይቀር አስይዘሃቸው የለም ወይ? አንቺ እህቴ፣ "እሷማ እምቢ አታውቅም" መባልን ተደግፈሻል። የሁሉን ጉዳይ ትፈጽሚያለሽ፣ የሁሉን ለቅሶ ትደርሻለሽ፤ ከዚያ በር ዘግተሽ ብቻሽን ታለቅሻለሽ። ታዲያ ይሄ መደገፍ ነው?

አንዳንዶቻችን ደግሞ፣ አይክፋችሁና፣ እምነታችንም እንደዚያው ነው። አባቶቻችን የታመኑት አምላክ ሕያው ነው፤ አልተለወጠም። እኛ ግን የተኛነው በእርሱ ላይ ሳይሆን በእነሱ ወግ ላይ ነው። ልብሱን እንለብሳለን፣ ቃሉን እንደግማለን፣ በሰው ፊት አጥብቀን እንይዘዋለን። አንድ ቀን እንኳ ጭንቀታችንን በእርሱ ላይ ጥለን አርፈን አናውቅም። ሲደክመን ምን እናደርጋለን? ቁርስ እንተዋለን! ሰፈር እንቀይራለን፣ ጓደኛ እንቀይራለን፣ ማኅበር እንቀይራለን። ያቺን አንዲት ነገር ግን አንነካትም። ለምን? ሰው ምን ይለኛል!

ይባስ ብሎ እግዚአብሔርንም በይሉኝታ እንይዘዋለን። "ይሄን ያህል ዓመት አገልግዬ አሁን አላረፍኩም ብዬ ብነግረው ይቀየመኛል" እንላለን። አይቀየምም! እሱን የሚያሳዝነው የምትነግሩት ነገር አይደለም። ከኋላችሁ ቆሞ ስትደክሙ ማየቱ ነው፤ አጠገባችሁ እያለ አለመጥራታችሁ ነው።

አሁን ለጸሎት እንነሳለን። ዛሬ ቃል አታሳምሩ፤ ሌላ ቀን ታሳምራላችሁ። አጎንብሳችሁ፣ ከጎናችሁ ያለውን ሰው ረስታችሁ፣ "ጌታ ሆይ፣ ይሄ የያዝኩት አልያዘኝም፤ ደክሞኛል" በሉት። አንዴ ነግራችሁት ልባችሁ ካላረፈ፣ ደግማችሁ ንገሩት። እሱ አይሰለችም።