ጅቦና ሁለቱ የአንበሳ ካርዶች

አንድ ጊዜ ዱሩን ሁሉ የካርድ ወረት ያዘው። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ የአንድ እንስሳ ምስል አለ። «የሁሉንም ምስል አሟልቶ የመጣ በበዓሌ ከጎኔ ይቀመጣል፤ ጮማም ይቀርብለታል» ብሎ አንበሳ አወጀ። ጮማ የሚለውን ሲሰማ አያ ጅቦ እንቅልፍ አጣ። ከዝሆን እስከ አይጥ ለቃቅሞ ከረጢቱን ሞላ። የበዓሉ ዕለት ግን አንድ ምስል ጎደለው፤ የራሱ የአንበሳው።

ያ ካርድ ያለው እመት ቀበሮ ዘንድ ነበር፤ ያውም ሁለት። ጅቦ ለክፉ ቀን የቀበረውን አጥንት ይዞላት እያለከለከ ደረሰ። አህያም ለቀበሮ ውሃ ልትቀዳላት ተስማምታ ለዚሁ ካርድ መጥታለች፤ ጅቦን ስታይ ግን ራቅ ብላ ቆመች።

ቀበሮ ሁለቱን ካርዶች ድንጋይ ላይ አስቀመጠች። አንደኛው ጥርት ያለ ነው። የሁለተኛው ጫፍ ታጥፏል፤ አጥንት ሥር ስለከረመም ቅልጥም ቅልጥም ይሸታል።

«ንጹሑን ስጪኝ!» አለና ጅቦ ይዞ ሄደ። ጉብታውን ሳያልፍ ልቡ ሸፈተ፤ ተመለሰ።

«ያኛውን አምጪ። ይሄ ምንም አይሸትም።»

«ካርድ ይታያል እንጂ ይሸታል እንዴ?» አለች ቀበሮ፤ ግን ለወጠችለት።

ጥቂት እንደሄደ እንደገና መጣ። «ጫፉ ታጥፏል! ጌታችን ቢቆጣስ?» ይቀመጣል፣ ይነሣል፤ አንዱን ይልሳል፣ አንዱን ያሸታል።

«አያ፣ የወደዱትን ይውሰዱ፤ የተረፈው ለእኔ ይበቃኛል» አለች አህያ ከሩቅ።

ይህን ሲሰማ ጭራሽ ባሰበት። «የሚተርፍላት የተሻለው ቢሆንስ?» ብሎ ሲንቆራጠጥ የበዓሉ ከበሮ ተመታ። ደነገጠና የሚሸተውን አፈፍ አድርጎ ሮጠ። አህያም ንጹሑን ወስዳ በሌላ መንገድ ሄደች።

ጅቦ በመንገዱ ላይ ቆም ብሎ ካርዱን አየ። ያቺ የታጠፈች ጫፍ አላስቀምጥ አለችው። «ብነክሳት ይስተካከላል» አለና ነከሳት። ጣፈጠችው። አሁን ደግሞ የወዲያኛው ጫፍ ረዘመበት፤ ያንንም ነከሰ። አሁንም አልተካከል አለው። እንዲህ ሲያስተካክል፣ ሲያስተካክል፣ ከአንበሳው ደጅ ሲደርስ በአፉ የቀረው ሽታው ብቻ ነበር።

አንበሳ ከረጢቱን በረበረና «የእኔስ ምስል?» አለ።

ጅቦ ከንፈሩን ላሰ። «ጌታዬ፣ እያስተካከልኩት ነበር...»

«እኔን በልተህ ነው ጮማ የምትጠይቀኝ? ከጠገብክማ ሂድ!»

አህያ ግን ምስሎቹን ሁሉ አሟልታ ስለመጣች፣ እየፈራች ከአንበሳ ጎን ተቀመጠች። ሣሯን ስታላምጥ፣ ድርሻዋ የሆነው ጮማ ሳይነካ ከፊቷ ቀረ። አያ ጅቦ በአጥሩ ቀዳዳ ያን እያየ ምራቁን ሲውጥ ዋለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ከሁለት አንዱን መርጦ ማረፍ ያቃተው የመረጠውንም በሰላም እንደማያቆየው ነው።